ጌታ የጻፈው መዝገብ

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ወደ ደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ሱሪናም ወደምትባል አገር እንሻገራለን። ሕዝቧ ከ600 ሺህ ብዙም አይበልጥም። እንግሊዞች ከያዟት ጥቂት ዓመታት በቀር ከ1667 ጀምሮ በሆላንድ ቅኝ አገዛዝ ሥር ቆይታ በ1975 ነጻ ወጥታለች። ወደዚያ የሚወስደን አንድ የመዝገብ ክምችት ነው። መዝገቡ የተዘጋጀው ሰውን እንደ ንብረት ለመቁጠር ነበር። ዛሬ ግን የእነዚያ የተቆጠሩ ሰዎች ዘሮች ቅድመ አያቶቻቸውን ይፈልጉበታል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? መዝገቡስ የሚነግረን ምንን ነው፣ የሚደብቀንስ? የዛሬው ጭውውታችን በዚህ ላይ ያተኩራል። ወደ መጨረሻው አካባቢ ደግሞ ከእኛው ምድር ተወስደው ቀይ ባሕርን ስለተሻገሩ ልጆች እናነሣለን። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

(አጭር ሙዚቃ)

የባሪያ መርከቦች ወደ ሱሪናም ያጋዙት አፍሪካዊ ከ200 ሺህ በላይ ነው። ከመርከብ የወረዱት ሰዎች የሚሄዱት ሸንኮራ አገዳ፣ ቡና፣ ጥጥና ካካዎ ወደሚመረትባቸው ሰፋፊ እርሻዎች ነበር። ቡና ከእኛ ምድር የበቀለ ተክል ነው። እኛ ጎረቤት ጠርተን፣ ዕጣን አጭሰን የምንጠጣው ፍሬ ውቅያኖስ ማዶ በአፍሪካውያን የግዳጅ ጉልበት ይለቀም እንደነበር ሳስብ ሁልጊዜም ይከብደኛል።

ጁላይ 1 ቀን 1863 ሆላንድ ባርነትን ስታስቀር በሱሪናም ነጻ የወጡት ሰዎች 34 ሺህ ገደማ ነበሩ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አስተያዩአቸው። ከ200 ሺህ በላይ ሰው ገባ፤ እዚያም ወለደ፣ ተዋለደ፤ በመጨረሻው ቀን የተገኘው 34 ሺህ ነው። ጥቂቱ ቀደም ብሎ ነጻ ወጥቷል፣ ጥቂቱ ጫካ ገብቶ አምልጧል። የቀረው አልቋል። በእርሻዎቹ ላይ የሚሞተው ሰው ከሚወለደው ይበልጥ ስለነበር ጉድለቱ በአዲስ መርከብ ይሞላ ነበር።

እንግዲህ ቁጥሩ ይህን ያህል ይነግረናል። የሞተው ግን ቁጥር አልነበረም። እያንዳንዱ ሰው በአንድ ቀን ተወልዷል፣ እናት ነበረችው፣ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ተወስዷል፣ ምናልባት ልጅ ወልዷል፣ በአንድ ቀን ሞቷል። የታሪክ ሊቃውንት የሕይወት ጉዞ የሚሉት ይህንን ቅደም ተከተል ነው። ንጉሥ፣ ጄኔራል ወይም ነጋዴ ከሆነ የሕይወቱን ጉዞ ደብዳቤው፣ ውሉና ኑዛዜው ይነግሩናል። በባርነት የተያዘ ሰው ከዚህ አንዱም የለውም። ስለ እርሱ የተጻፈውም ቢሆን ተበጣጥሶ በሌላ ሰው ወረቀት ላይ የተቀመጠ ነው። የታሪክ የሕዝብ መረጃ ቋት ማለት እነዚህን ቁርጥራጮች ሰብስቦ፣ የአንድ ሰው የሆኑትን ለይቶ አንድ ላይ የሚያስቀምጥ ሥራ ነው።

የሱሪናም መዝገብ የተጀመረው በ1826 ነው። ሆላንድ የባሪያ ንግድን በ1814 ብትከለክልም ባርነቱን ራሱን አልነካችውም፤ ሰው በሥውር ማስገባቱም አልቆመም። ኮንትሮባንዱን ለማስቆም መንግሥት እያንዳንዱ ባለቤት ያሉትን ሰዎች እንዲያስመዘግብ አዘዘ። ባልተመዘገበ ሰው ላይ የባለቤትነት መብት መጠየቅ አይቻልም ተባለ። ዛሬ ለጥናት የሚያገለግሉት መዝገቦች ከ1830 እስከ 1863 ያሉት ናቸው። ወደ 80 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ይገኙባቸዋል።

ገጹ ሲከፈት ከላይ የጌታው ስም ወይም የእርሻው ስም አለ። ከሥሩ በየመስመሩ ሰዎች ይዘረዘራሉ፤ ስም፣ ጾታ፣ የትውልድ ዓመት፣ የእናት ስም። ከዚያ ቀጥሎ የለውጥ ማስታወሻ ይመጣል። ተወለደ፣ ሞተ፣ ተሸጠ፣ ነጻ ወጣ፣ ወደ ሌላ እርሻ ተዛወረ ይላል። የአባት ስም የሚጻፍበት ዓምድ የለም። በሕጉ ዐይን ልጁ የእናቱ ባለቤት ንብረት ስለሆነ፣ አባቱን ማወቅ ለመዝገብ ሹሙ ምንም አይረባውም ነበር።

እስቲ አንዲት ሴት በ1832 በአንድ የቡና እርሻ ላይ ተወለደች እንበል። በእርሻው ገጽ ላይ ስሟና የእናቷ ስም ይገባል። ሃያ ዓመት ሲሞላት እርሻው ከስሮ ተሸጠችና በዋና ከተማው በፓራማሪቦ ለሚኖር ሰው የቤት ሠራተኛ ሆነች። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሟ ይሰረዝና በሌላ መዝገብ፣ በሌላ ጌታ ገጽ ላይ እንደ አዲስ ይጻፋል። እዚያ ሁለት ልጆች ትወልዳለች፤ ልጆቹ በእርሷ ስም ሥር ይገባሉ። አንደኛው በሁለት ዓመቱ ይሞታል። በ1863 ነጻ ስትወጣ ደግሞ በሌላ ዝርዝር ላይ፣ እስከዚያ ቀን ባልነበራት የቤተሰብ መጠሪያ ትመዘገባለች። ይህች ሴት በአራት አምስት ቦታ ተበትናለች። አንድ ሰው ተቀምጦ እዚያ የተሰረዘችው እዚህ የተጻፈችው ናት ብሎ እስካላገናኛት ድረስ ሕይወቷ የለም።

ማገናኘቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። በባርነት ላሉ ሰዎች ስም የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ጌታው ነበር። ከግሪክና ከሮም አማልክት፣ ከወራት፣ ከአውሮፓ ከተሞች ስም እየወሰደ ይሰይማቸዋል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ብዙ ሰዎች ይገኛሉ። ጸሐፊዎቹ ስሙን በተለያየ ፊደል ይጽፉታል። ከአፍሪካ የመጡት አዋቂዎች የትውልድ ዓመት በግምት የገባ ነው። እኛ አገር ከበደ ተሰማን ከሌላው ከበደ ተሰማ የምንለየው በአያት ስም ወይም በአገሩ እንደሆነው፣ አጥኚዎቹም የሚለዩት በእናት ስም፣ በትውልድ ዓመትና በእርሻው ስም ነው። ሦስቱ ሲገጥሙ አንድ ሰው ናቸው ይባላል። ሁለቱ ብቻ ከገጠሙ አጥኚው ጥርጣሬውን በግልጽ መዝግቦ ያልፋል። እኔ የሥራውን ታማኝነት የምለካው በዚህ ነው። ያልተረጋገጠውን ያልተረጋገጠ ብሎ የማይጽፍ የመረጃ ቋት፣ ሰዎቹን ለሁለተኛ ጊዜ ይበድላቸዋል።

እነዚህን ገጾች ወደ ኮምፒዩተር የማስገባቱ ሥራ በ2017 የተጀመረበት መንገድ ልብ ይነካል። በሆላንድ የናይሜኸን ከተማ ራድባውድ ዩኒቨርሲቲና በፓራማሪቦ የአንቶን ደ ኮም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ኩን ቫን ኻለንና ሞሪትስ ሃሳንካን፣ ከሱሪናም ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ጋር ሆነው ሕዝቡን ገንዘብና ጉልበት ጠየቁ። ገንዘቡ ከግለሰቦች ኪስ ተዋጣ። በጎ ፈቃደኞች በየቤታቸው ተቀምጠው የገጾቹን ፎቶግራፍ እያዩ መስመር በመስመር ጻፉ። ብዙዎቹ ራሳቸው የእነዚያ ሰዎች ዘሮች ናቸው። በእንዲህ ዓይነት ሥራ አንዱን ገጽ ሁለት ሰዎች ተለያይተው ይጽፉታል፤ ካልተስማሙ ሦስተኛ ሰው ይዳኛል። መዝገቡ በ2018 ማንም በነጻ እንዲፈልግበት በኢንተርኔት ተለቀቀ። የኩራሳዎ ደሴት መዝገብም በ2020 ተከተለ።

ዩኒቨርሲቲው ስለተሰየመበት ሰው ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። አንቶን ደ ኮም በ1898 ፓራማሪቦ ተወለደ። አባቱ በባርነት ዘመን የተወለደ ሰው ነበር። አንቶን በ1934 የሱሪናምን ታሪክ ከተገዢዎቹ ወገን ሆኖ የጻፈበትን መጽሐፍ አሳተመ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ናዚዎችን ሲታገል ተይዞ በ1945 በጀርመኖች ማጎሪያ ካምፕ ሞተ። ከባርነት እስከ እርሱ ድረስ ያለው ርቀት አንድ ትውልድ ብቻ ነበር።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ እስካሁን መዝገቡ ስለሚናገረው ነው የተነጋገርነው። አሁን ወደማይናገረው እንለፍ፤ እኔ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የአባቶች ነገር አንዱ ነው። ሌላው የማሩኖች ነገር ነው። ከእርሻ አምልጠው ወደ ሱሪናም ደን የገቡ አፍሪካውያን እዚያ መንደር መሠረቱ፣ እርሻ አለሙ፣ እየወጡ ቅኝ ገዢዎቹን ወጉ። በመጨረሻ መንግሥት ለመደራደር ተገደደ። በ1760 ከንዲዩካ፣ በ1762 ከሳራማካ ሕዝብ ጋር የሰላም ውል ፈረመ። የአሜሪካ ነጻነት ጦርነት ገና ሳይጀመር እነዚህ ሰዎች ነጻነታቸውን በውል አስከብረዋል። ዘሮቻቸው ዛሬም በዚያው ደን ይኖራሉ። ማሩኖች በባሪያ መዝገብ ውስጥ የሉም። የማንም ንብረት ስላልነበሩ የሚመዘግባቸው ጌታ አልነበረም። ስለዚህ የመረጃ ቋቱን ብቻ ይዞ የሱሪናምን አፍሪካውያን ታሪክ የሚጽፍ ሰው፣ ታሪኩን የሚጽፈው እጅግ ነጻ የነበሩትን አውጥቶ ነው።

በሌላ በኩል ግን ነጻነቱ ራሱ የመጣበትን መንገድ መዝገቡ ይመሰክራል። በ1863 መንግሥት ለእያንዳንዱ ነጻ ለወጣ ሰው 300 ጊልደር ካሣ ከፈለ። ገንዘቡ የተከፈለው ለጌታው ነው። ባሪያ የነበረው ሰው ምንም አላገኘም። ይባስ ብሎም አብዛኛው እስከ 1873 ድረስ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር በኮንትራት እንዲሠራ ተገደደ። ዝርዝሩ በጥንቃቄ የተጠበቀበት አንዱ ምክንያት ይኸው ካሣ ነው፤ ሰው ባልተመዘገበበት ገንዘብ አይከፈልምና።

እንግሊዞችም ቀደም ብለው ይህንኑ አድርገዋል። የእንግሊዝ መንግሥት በካሪቢያንና በሌሎች ግዛቶቹ ባርነትን ሲያስቀር ለባለቤቶች 20 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሏል። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች የካሣ ጠያቂዎቹን ስም ከመዝገብ አውጥተው ለሕዝብ ክፍት አድርገውታል። በትሪኒዳድ በ1813 የተጀመረው የእንግሊዞች መዝገብ ከሆላንዱ በብዙ ይዘረዝራል። የሰዎቹን ቁመት፣ በሰውነታቸው ላይ ያለውን ምልክት፣ ሥራቸውን፣ ከአፍሪካ የመጡትን ደግሞ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ይጽፋል። ቁመቱ የተለካው እያንዳንዱን ሰው ከሌላው ለመለየት ነበር። ዛሬ አጥኚዎች ከዚያው ቁመት ተነሥተው ልጆቹ ምን ያህል ምግብ አጥተው እንዳደጉ ያሰላሉ። ሸንኮራ በሚመረትባቸው እርሻዎች ላይ ሞት ከሌላው ሥራ የከፋ እንደነበረም የታወቀው በእንዲህ ዓይነት መዝገቦች ነው።

ወደ ሱሪናም ልመለስና አንድ ነገር ልጨምር። በ1873 ቁጥጥሩ ሲያበቃና የቀድሞዎቹ ባሮች እርሻውን እየለቀቁ ሲወጡ፣ በዚያው ዓመት የመጀመሪያዋ የሕንድ ሠራተኞች መርከብ ፓራማሪቦ ደረሰች። ከዚያ እስከ 1916 ድረስ 34 ሺህ ያህል ሕንዳውያን፣ ከ1890 በኋላ ደግሞ 33 ሺህ የሚጠጉ የጃቫ ሰዎች በኮንትራት ገቡ። የእነርሱም መዝገብ አለ። የባሪያ መዝገቡ፣ የኮንትራት መዝገቡ፣ የልደትና የሞት መዝገቡ ሲገናኙ አንድ አገር በሦስትና በአራት ትውልድ እንዴት እንደተሠራች ይታያል። ተመራማሪዎቹ አሁን የሚደክሙት በዚህ ላይ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ራሳችን ሰዎች እንምጣ። በሴፕቴምበር 1888 ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር፣ በየመኗ ሞካ ወደብ አቅራቢያ ሦስት የአረብ ጀልባዎችን ያዘች። በጀልባዎቹ ውስጥ ከኢትዮጵያ ምድር ተወስደው ሊሸጡ የነበሩ 204 ኦሮሞዎች ተገኙ። አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ወደ ኤደን ተወሰዱ፤ በርካታዎቹን የስኮትላንድ ሚስዮን ተረከባቸው። የኤደን አየር አልተስማማቸውም፤ ብዙ ልጆች ታመሙ፣ ሞቱ። በዚህ ምክንያት በ1890 ከእነዚህና ዘግይተው ከተቀላቀሏቸው ልጆች መካከል 64ቱ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልከው ላቭዴል በተባለው የሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ። 42ቱ ወንዶች፣ 22ቱ ሴቶች ነበሩ።

ሚስዮናውያኑ አንድ ትልቅ ነገር አደረጉ። ቋንቋቸውን በሚያውቁ ሰዎች አማካይነት እያንዳንዱን ልጅ ጠይቀው የነገራቸውን ጻፉ። የአባትህ ስም ማን ነው? እናትሽ በሕይወት አለች? ስንት ወንድምና እኅት አላችሁ? ቤታችሁ ስንት ከብት ነበረው? ማን ያዘህ? ለማን ሸጠህ? በየት በየት አልፈህ ባሕር ደረስክ? ደቡብ አፍሪካዊቷ የታሪክ ምሁር ሳንድራ ሮቮልት ሼል እነዚህን 64 ቃሎች መስመር በመስመር ወደ መረጃ ቋት አስገብታ በ2018 መጽሐፍ አሳተመችባቸው። ዘዴው ሱሪናም ላይ ካየነው ጋር አንድ ነው። ምንጩ ግን ሌላ ነው። በሱሪናም ስለ ሰዎቹ የተናገረው ጌታቸው ነበር። እዚህ የተናገሩት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ እዚህ አባት አለ፣ መንደር አለ፣ የተያዙበት ቀን ለቅሶ አለ። አንዳንዱን ልጅ የሸጠው የገዛ ዘመዱ ወይም ጎረቤቱ እንደነበረም አለበት። ይህንን መስማት ለእኛ ያማል፤ ነገር ግን ልጆቹ ብለውታልና መሰማት አለበት።

ከእነዚያ ልጆች አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባላለች። በላቭዴል ተምራ አስተማሪ ሆነች፤ እዚያው ደቡብ አፍሪካ አግብታ ወለደች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር ነው። አፓርታይድን ታግሎ ከኔልሰን ማንዴላ ጋር በሮበን ደሴት አሥር ዓመት ታስሯል፤ ኋላም ለአፍሪካ ቋንቋዎች መብት በመቆም ታዋቂ ምሁር ሆኖ በ2012 አርፏል። ከላቭዴል ልጆች 17ቱ ደግሞ በ1909 ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰዋል።

በአገራችንስ? ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነች በዓመቱ፣ በ1924፣ ባሮች ደረጃ በደረጃ ነጻ የሚወጡበት አዋጅ ወጣ። በ1942 ደግሞ ባርነት በሕግ ፈጽሞ ተሻረ። የእኛም የባርነት ዘመን ወረቀት፣ ውልና የፍርድ ቤት መዝገብ ትቷል። ይሁን እንጂ የሱሪናምን አሠራር እንዳለ ገልብጠን እናምጣ ብል ጥፋት ይሆናል። እዚያ ሰው የቅድመ አያቱን ስም በመዝገብ ሲያገኝ በአደባባይ ይናገራል፤ በየዓመቱ ጁላይ 1 የነጻነት በዓል ይከበራል። እኛ ዘንድ ግን የባሪያ ዘር ተብሎ መሰደብና ከጋብቻ መከልከል ዛሬም ያልጠፋባቸው አካባቢዎች አሉ። ስም ዝርዝርን እንዲሁ ለሕዝብ መልቀቅ በሕይወት ያለ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በእኛ አገር መዝገቡ በቅድሚያ ሊጠበቅ፣ ሊነበብና ሊገናኝ ይገባል። ስሙን ማን ያያል የሚለውን ግን ከዘሮቹ ጋር ተመካክሮ መወሰን ያስፈልጋል።

አድማጮቻችን፣ በቤታችሁ ሣጥን ውስጥ አሮጌ የውል ወረቀት፣ የግብር ደረሰኝ፣ የክርስትና ወይም የጋብቻ ሰነድ፣ የፍርድ ግልባጭ ካለ እባካችሁ አትጣሉት፣ ለማሸጊያም አታውሉት። ፎቶግራፍ አንሡትና ዋናውን ወደ ቤተ መዛግብት ወስዳችሁ አሳዩ። በዕድሜ የገፉ አያት ካሏችሁም ዛሬውኑ ተቀምጣችሁ የዘመዶቻቸውን ስም፣ የተወለዱበትን መንደር፣ ከየት ወደ የት እንደሄዱ ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁንም ከነቀኑ ጻፉት። የጻፋችሁትን ብትልኩልን በሚቀጥለው ዝግጅታችን እናነበዋለን። ስማቸው እንዳይጠራ የምትፈልጉ ከሆነ ብቻ በደብዳቤው ራስጌ ላይ ግለጹልን። እስከዚያው ደኅና ሁኑ።